የአደጋ ጊዜ ተጠሪ

ሕንፃ አስራ አራት፣ የሴቶች ማደሪያ፣
ደብረ ማርቆስ ግቢ፤
ቁልፉ ከወገቤ፣ መዝገቡ ከጉያ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚህ በር ቆይቼ
ስንቷን አስፈርሜ፣ ስንቷን አስገብቼ
ስማቸውን አውቅ ነበር።
ሌላውን እንጃ።

መዝገቡ መስመር አለው፦ ስም፣ የአባት ስም፣
ትምህርት ክፍል፣ አልጋ፣ የመጡበት ወረዳ፣
በመጨረሻው ዓምድ፣ በጠባቧ ሰሌዳ፣
«የአደጋ ጊዜ ተጠሪ»።
ማንም አስቦ አይሞላው፤
እናት ወይ አጎት ነው፣ ቁጥር ነው፣ ፊርማ ነው።

ያን ዓመት በኅዳር መንገዱ ተዘጋ፤
ወሬው ሲመሽ ሌላ፣ ሌላ ነው ሲነጋ።
ስልኩ ድምፁን አጣ፣ መብራት ተከተለ፣
መሄድ የቻለ ሄደ፣ ያልቻለ እዚያው ዋለ።
ከሁለት መቶ ልጅ ሃያ ሦስት ቀሩ፣
በአራቱ ፎቅ ላይ ተራርቀው አደሩ፤
አጫጅ እንደረሳው የስንዴ ዛላ
አንዷ እዚህ፣ አንዷ እዚያ፣ አንዷ ደግሞ ኋላ።

ማታ በባትሪ ስዞር ኮሪደሩን
አልጋ እየጎተቱ ሲደግፉ በሩን
እሰማለሁ።
«ማነው?» ይላል አንድ ድምፅ።
«እኔ ነኝ፣ ፈንታነሽ።»
«የቷ ፈንታነሽ?»
ለካ እኔም ስም አልነበረኝም፤
ፕሮክተር ነበርኩ እንጂ።

ሦስተኛው ሌሊት ላይ ከጮቄ ውርጭ ወርዶ፣
ጣቴ ከቁልፉ ጋር ተጣብቆ በርዶ፣
መመሪያውን ተውኩት።
(«ከተመደበችበት አልጋ ውጭ ማደር ክልክል ነው» ይላል።)
«ፍራሻችሁን ይዛችሁ ውረዱ!» ብዬ ጮህኩ።
ሁለት መጡ። ቆይቶ ሰባት።
የመጨረሻዋ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣
ለመመለስ እንደተዘጋጀች።

የመጀመሪያው ሌሊት ፍቅር አልነበረም።
በአንድ ባልዲ ውሃ ሁለቱ ተኳረፉ፣
ከመስኮት ለመራቅ ሦስቱ ተገፋፉ፤
ኦብሴና ሌንሴ በኦሮምኛ ቢያወጉ
ክፍሉ ድምፁን ዋጠ፣ ጆሮዎች ተጠጉ።
የቢቸናዋ ትርንጎ መቻል አቃታት።
«ምንድን ነው ያላችሁት?»
«ሻማው ሊያልቅ ነው።»
«ይኸው ነው?»
«ይኸው ነው።»
መጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደሆነች ዛሬም ያከራክራል።
ትርንጎ ከቦርሳዋ ግማሽ ሻማ አወጣች፤
የደበቀችው ነበር፣ ስታወጣው አፈረች።

ከዚያ ወዲያ ጭኮ ከበሶ ተዋወቀ።
ኛዳክ የጋምቤላዋ፣ ከፍራሽ ረዝማ፣
እግሯ ሲሚንቶ ላይ ሲያድር በጨለማ
አንዲቱ ተነስታ ነጠላ ጣል አደረገችበት፤
ጠዋት «የኔ ነው» የምትል ጠፋች።
ሌንሴ ፈተና ይኑር አይኑር ሳታውቅ
ግድግዳው ላይ በከሰል ቀመር ትጽፋለች፣
አራቱ ይገለብጣሉ።
ከአጥሩ ማዶ አያ ደምሌ ድንች በኬሻ አቀበለን፤
ዋጋውን ብጠይቀው
«መንገዱ ሲከፈት» ብሎ ሄደ፣
ቀኑን የሚያውቅ ይመስል።

አንድ ጠዋት መዝገቡን ተገልጦ አገኘሁት።
የማይነሱት የስልክ ቁጥሮች ላይ
ቀጭን መስመር ተሰምሯል፤ አልተፋቁም፣ ይነበባሉ።
በጎናቸው፣ በተለያየ እጅ፣
የኛዳክ ተጠሪ፦ ትርንጎ፣ ከግራ ያለው ፍራሽ።
የትርንጎ ተጠሪ፦ ኦብሴ።
የኦብሴ፦ ያቺ ጫማዋን ይዛ የመጣችው።
(ስሟ ሐብታም ነው፤ እኔ ነኝ እንጂ ያላወቅሁት።)
ከሁሉ በታች በማስመሪያ የተጨመረ
ሃያ አራተኛ ረድፍ፦
ስም፣ ፈንታነሽ።
የአባት ስም፣ ባዶ። «አላወቅነውም፣ ይሙሉልን።»
ተጠሪ፦ «ከተዘረዘርነው ማናችንም፣ ቅርብ ያለች።»

መንገዱ ያን ዕለት ገና ዝግ ነበር።
እስክሪብቶውን በትንፋሼ አሞቅሁና
«ጫኔ» ብዬ ጻፍኩ፤
ፊደሉ ጠመም ብሏል፣
ብርዱ ነው።